የአስር አለቃ ዘለቀ ጋን

የአስር አለቃ ዘለቀን መርዶ ያመጣልኝ ከአቦምሳ እህል ጭኖ የመጣ ሾፌር ነው። እኔ ሐኪም ቤቱ በር ላይ መርፌ እየቀቀልኩ ነበር። ሾፌሩ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ፣ ያ መንጋጋው የተጣመመው ወታደር ንዳድ ወስዶታል፣ አስከሬኑን ከኋላ ጭኜዋለሁ አለኝ። ከኋላ፣ ከማሽላ ጆንያ ጋር። ደሜ ፈላ፤ ሰደብኩት። ኮሪያ ድረስ ሄዶ ስንት መድፍ ያልጣለውን ሰው የቆላ ትንኝ ጣለው ሲሉኝ ማንን ልስደብ ታዲያ? ምስኪኑ ሾፌር ሰማኝና፣ ሲስተር፣ ስድብሽን ጨርሺ፣ እጠብቃለሁ አለ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

አሰላ ተመድቤ ስመጣ ቤት ያከራየኝ ዘለቀ ነው። አንድ ግቢ፣ ሁለት ክፍል፣ በመሃል የጭቃ ግድግዳ። የግራ መንጋጋው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሲናገር ቃሉ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚወጣው። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት እህል ተራ አጠገብ ጠላ ቤት ውስጥ አንድ ነጋዴ አፉን አጣሞ አስመሰለው አሉ። ዘለቀ የተቀመጠበትን አግዳሚ ወንበር አንስቶ መታው። ወንበሩም ተሰበረ፣ የነጋዴው ክንድም ተሰበረ። ሐኪም ቤት ደግፎ ያመጣውም ራሱ ዘለቀ ነበር፤ «የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ጠግኚው» ብሎ እፊቴ አስቀመጠልኝ፣ ሰዓት ለማሠራት የመጣ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። እሱ ይሰብራል፣ እኔ እሰፋለሁ። የአንድ በቅሎ ነጋዴ ሁለት ጥርስ፣ የአንድ ዘበኛ ቅንድብ፣ ደግሞ የገዛ እጁን አንጓ ግድግዳ መትቶ። እፈራው ነበር ወይ? እንዴታ፣ እፈራው ነበር። አንቱ ነበር የምለው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ከግድግዳው ማዶ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ሲያቃስት ሰማሁ። በቃ፣ ዛሬስ ሰው ገደለ ብዬ የፋሻ ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ ያ የተፈራው ሰው ረጅም ቀርከሃ ላይ ተፈናጦ ይዘላል። የቀርከሃው አንዱ ጫፍ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ ቢጫ ሊጥ አለ። በዘለለ ቁጥር ቀርከሃው ሊጡን ይደፈጥጠዋል። እኔ ከነቦርሳዬ፣ እሱ ከነቀርከሃው፣ ተያየን።

«ማንን ልትሰፊ ነው?» አለኝ።

«አንቱ... ሰው የገደሉ መስሎኝ ነዋ።»

«ሊጥ ላይ ተቀምጬ እያየሽኝ ነው አንቱ የምትይኝ?» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ ሆነ።

ሊጡን ሳስቶ እስኪዘረጋ ድረስ ረገጠው፤ አጣጠፈው፤ ከዚያ ከአልጋው ራስጌ ሳንጃ አወጣና እንደ ክር እያቀጠነ ይከትፈው ጀመር። የጦር ሳንጃ ነው። ይሄ ነገር ሰው ተወግቶበታል እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። «ታጥቧል» አለኝ።

የዚያን ቀን ነው ራመን የሚባለውን የጃፓን ሾርባ የበላሁት። ሰፈሩ የኮሪያ ፓስታ ይለዋል፤ እሱ በዚህ ይናደዳል። ኮሪያ የተዋጋሁበት ነው፣ ይሄን የበላሁት ጃፓን ነው ይላል። ታሪኩን የነገረኝ በቁርጥራጭ ነው፣ አጥንት እየቀቀለ፣ አረፋ እየገፈፈ። አንድ ጉብታ ላይ ሌሊቱን ሙሉ በሳንጃ ሲተራረዱ አድረው፣ ሊነጋ ሲል የመድፍ ፍንጣሪ መንጋጋውን ወሰደው። ጃፓን ሆስፒታል አስተኙት። ጥርሱ ታስሮ ወራት ተኛ። ከሆስፒታሉ በር ላይ በጋሪ ሾርባ የሚሸጥ ሽማግሌ ነበር፣ ሁለት ልጆቹ በፊተኛው ጦርነት ያለቁበት። ያ ሽማግሌ ሊጡን ፀጉር አሳክሎ እየከተፈ፣ ማኘክ ለማይችለው ለዚህ ጥቁር እንግዳ በየቀኑ ይልክለታል። ሲድን ደግሞ ከጋሪው አጠገብ አስቀምጦት፣ ድምፅ እያሰማህ ሳበው ብሎ በእጁ ያሳየዋል። ልጆቹ ሲበሉ ያሰሙት የነበረው ድምፅ ናፍቆት ነው አለኝ ዘለቀ። እኔ ሰው ፊት ድምፅ አሰምቶ መብላት ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ዝም ብለሽ ከበላሽ ይቆጣል።

አሠራሩ ላይ ጣጣው ብዛቱ። የዶሮና የበሬ አጥንት ከጠዋት ጀምሮ በዝግታ ይንተከተካል፤ ዝንጅብል፣ ሽንኩርት፣ ከዝዋይ የመጣ ደረቅ ዓሣ ይገባበታል። ጭልፋውን ለእኔ ይሰጠኝና «አረፋውን ግፈፊ፣ አታማስይ» ይላል። ብታማስዪ ይደፈርሳል። አንድ ቀን ረስቼ አማሰልኩና ሙሉውን ድስት ደጅ ደፋው፣ ከነአጥንቱ። ሊጡ የሚቦካበት ውሃ ደግሞ ሆራ ነው፣ ከብት የሚጠጣው የቆላ ጨዋማ ውሃ። ኦቦ ቃሲም የሚባሉ የአርሲ ሽማግሌ በአህያ ያመጡለታል። አንተ ሰው፣ ላም ሳይኖርህ ሆራ ምን ያደርግልሃል እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን በአመድ ውሃም ሞክሮ አልሆነለትም፤ ሊጡን ቢጫ የሚያደርገው፣ እንዳይበጠስም የሚያደርገው ሆራው ነው።

ሁሉም ተሟልቶ አንድ ነገር ጎደለ፣ ጥቁሩ። ሾዩ ይለዋል። ሾርባው ከመፍሰሱ በፊት ከጣባው ሥር የሚገባው ጥቁር ጨዋማ ነገር ነው። ያለሱ ይሄ ሁሉ የሕመምተኛ መረቅ ነው ይላል። ሽማግሌው ሲሸኘው በወረቀት የጠቀለለ አረንጓዴ የሻጋታ ዱቄት ሰጥቶት ነበር፤ በጥይት መያዣው ውስጥ ደብቆ አገር ያስገባው እሱን ነው። ባቄላ ቀቀለ፣ ስንዴ ቆልቶ ከካ፣ ደባልቆ ሰፌድ ላይ አሰጣና ያን ዱቄት በተነበት። ምድጃው ጥግ በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ሦስት ቀን ጠበቀው። ሻገተ። እኔ ሐኪም ቤት ሻጋታ ስጠርግ የምውል ሴት፣ እሱ ግን ሻጋታውን እያየ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ በጨው ውሃ ጋን ሙሉ ዘፈዘፈው።

ጋኑን የደፈነ ዕለት ነው መከራው የተጀመረው። ዘለቀ ኮሪያ ሳለ ታናሽ ወንድሙ ግርማ ሳጉሬ ላይ ተገድሏል። ጎረቤታቸው ንጉሤ በድንበር ተጣልቶ በፋስ ፈለጠው። ምስክር ጠፋና ንጉሤ ተለቀቀ። እናትየው፣ እማማ አስካለ፣ ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ አልተኙም፣ ፀጉራቸውን ቅቤ አልነካውም፤ የግርማን ደም የነካ ሸሚዝ ከቤታቸው ምሰሶ ላይ ሰቅለውታል። የቀራቸው ልጅ ወታደር ነው፣ ሰው መግደል መንግሥት ያስተማረው። ደሙን ማን ይመልስ ታዲያ?

ያን ዕለት ዘመድ አስከትለው መጡ። ዘለቀ እጁ እስከ ክርኑ ባቄላ ነው። መቼ ነው የወንድምህን ደም የምትመልሰው ብለው ጮኹበት። እሱም የጋኑን አፍ በሸራ እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «ይሄ ጋን ሳይበስል ምንም አላደርግም» አለ። ተዉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ ማለቱ ነበር። ግን በዚያ አገር ደም ያለበት ሰው በአንድ ነገር ላይ ይምላል፤ አንዱ ፀጉሬን አልላጭም ይላል፣ ሌላው ሥጋ አልቀምስም። ዘመዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማማ አስካለ እልል አሉ። ልጃቸው በጋን ማለ ብለው ሄዱ።

ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ሳጉሬ ደረሰ። ንጉሤ ጠመንጃ ገዛ። በየገበያው ቀን አንድ ሰው ሐኪም ቤት ይመጣና ሆዴን ያመኛል ብሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሲስተር፣ ለመሆኑ ያ ጋን በሰለ ወይ ይለኛል። ግማሹን እማማ አስካለ የላኳቸው ናቸው፣ ግማሹን ንጉሤ። ለሁሉም እንክብል ሰጥቼ አባርራለሁ። ዘለቀ የተሳሳቱትን ለማረም አፉን አልከፈተም። እኔ ስጠይቀው ለመብሰል ዓመት ይፈጅበታል፣ እስከዚያ ያስተኛኛል አለኝ፣ በቃ።

ዓመቱ ሞላ። የአሰላ ብርድ አያበስለውም፣ ይቆያል አላቸው። ያሳምናል፤ ብርዱን እኛ እናውቀዋለን። ከዚያ በኋላ በአንዱ እሑድ ጠራኝና ጣባውን እፊቴ አስቀመጠ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሾርባው ወርቃማ ጥቁር ነው፣ ሽታው ደግሞ የተጠበሰ ሥጋም፣ የበሰለ ጠላም፣ የሆነ የማላውቀው ነገርም አለበት። አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። እናቴ ትሙት፣ እንደዚያ ያለ ነገር በአፌ ገብቶ አያውቅም።

«በስሏል» አልኩ፣ ሳላስብ።

ሳንጃውን ከሊጡ ላይ አነሳና ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። «አልበሰለም» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ይሄን ካወራሽ ሰው ይሞታል፤ የሚገድለው ደግሞ እኔ ነኝ» አለ። እኔም ገብቶኝ ጣባውን እስከ ሥሩ ጠጣሁ።

ሦስት ዓመት አልበሰለም። በየእሑዱ ጓዳ ገብቶ ብቻውን ያማስላል፣ እግረ መንገዱን በጣሳ ይቀዳል፣ በሩን ዘግተን እንበላለን። ባቄላና የጨው ውሃ ይጨምርበታል፣ አያልቅም። ድብድቡ አልቀረም፤ ጭራሽ ባሰበት። ሰው ፈሪ ነው ማለት ጀምሮ ነበራ። አንድ ዘመዱ ፊት ለፊት ጋንህን ታቀፍ ቢለው ሦስት የጎድን አጥንቱን ሰበረው፤ አስሬ የላክሁት እኔ ነኝ። ስንቱን ደበደበ፣ አንዱን ላለመግደል።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። ጥር ውስጥ ነው፣ እሑድ፣ ቀትር ላይ። ጣባችንን ይዘን ተቀምጠናል። በሩ ተከፈተና እማማ አስካለ ገቡ። በቅሏቸውን አጥር ላይ አስረው ሳንሰማ ነው የገቡት። ጥቁሩን ሾርባ አዩት። ማንም ሳያስገባቸው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ዕድሜ ልካቸውን ጠላ ጠማቂ ናቸው፣ የበሰለና ያልበሰለ ይጠፋቸዋል?

«መቼ ነው ይሄ የተከፈተው?» አሉ።

ዘለቀ ማንኪያውን አስቀመጠ። የልጃቸው ውሸት ፊታቸው ላይ ሊፈነዳ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈርቶ አታለለኝ ሊሉ ነው። አላስቻለኝም። ላድነው ብዬ ነው። «ዛሬ ነው፣ እማማ» አልኩ። «ዛሬ ገና ነው የከፈተው።»

እማማ አስካለ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አምላካቸውን አመሰገኑ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዛሬ ከበሰለ፣ የሚገደለው ዛሬ ነው። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ። ዘለቀ አንዴ አየኝና የቀረችውን ሾርባ ጨለጣት። ሳንጃውን በጨርቅ ጠረገ። ተነሳ።

ሳጉሬ እህል ሊጭን የሚሄድ መኪና አገኙ። እማማ አስካለ ከሾፌሩ አጠገብ፣ እሱ ከኋላ። ቦርሳዬን ይዤ ተንጠላጠልኩ፤ ውረጂ አላለኝም። መንገዱ ላይ እውነቱን ልንገራቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት በስሎ ነበር ልበላቸው ብዬ ለመንኩት።

«ሦስት ዓመት የዋሸ ልጅ ወለድሽ ልትያት ነው?» አለ። «እሷ ላይ አታድርጊው። እኔው እችለዋለሁ።»

ምኑን እንደሚችለው አልነገረኝም።

ንጉሤ አውድማ ላይ ገብስ እያስወቃ ነበር። መኪናው ሲቆም የሚወርደውን አይቶ ወደ ጠመንጃው ሮጠ። ተኮሰ። ጥይቱ የዘለቀን ጆሮ ጫፍ ቆርጦ አለፈ፤ ደሙ አንገቱ ላይ ወረደ፣ እሱ ግን እርምጃውን አልቀየረም። ሁለተኛውን ሳያጎርስ ደረሰበት። ጠመንጃውን ነጠቀና በሰደፉ ፊቱን መታው። አጥንት ሲሰበር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ንጉሤ ገብሱ ላይ ወደቀ። ዘለቀ በጉልበቱ ደረቱ ላይ ወጣ፤ በቡጢ መታው፣ ደገመው። ጥርስ ወጣ። ገብሱ ቀይ ሆነ። የንጉሤ ሚስት ጡቷን ይዛ ትጮኻለች፣ ወቂዎቹ መንሽ ይዘው ቆመዋል፣ የሚጠጋ የለም። እማማ አስካለ ከመኪናው አጠገብ ሆነው «ጨርሰው» ይላሉ። «ጨርሰው፣ ልጄ።» ዘለቀ ሳንጃውን መዘዘና አንገቱ ላይ አደረገው።

ከዚያ ቆመ። የንጉሤ መንጋጋ ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ በግራ በኩል። ሊናገር ይሞክራል፣ ቃሉ በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል። ዘለቀ ያንን ፊት ምን ያህል ጊዜ እንዳየ አላውቅም፤ ለእኔ ግማሽ ቀን መሰለኝ። ቀና ብሎ ፈለገኝ።

«ይሰፋል?» አለኝ።

እንዲህ የተሰባበረ መንጋጋ ሰፍቼ አላውቅም። ማንስ አስተምሮኝ። ቀትር ላይ በአንድ ቃል ሰው ልገድል ነበር፤ አሁንም አንድ ቃል ነው የተጠየቅኩት።

«ይሰፋል» አልኩ።

ሳንጃውን ገብሱ ላይ ጣለና ንጉሤን በጀርባው አዘለው። በእናቱ ፊት ነው ይዞት ያለፈው። እማማ አስካለ ተፉበት፣ ወንድ አልወለድኩም አሉት። ቆሞ ሰማቸውና መኪናው ላይ ወጣ።

አሰላ ሐኪም ቤት ደርሰን ዶክተሩ ከእኔ ጋር እስኪመሽ ሠራ። ጥርሱን በሽቦ አሰርነው። በነጋታው ዘለቀ ድስት ይዞ መጣ። ሊጡን ፀጉር አሳክሎ ከትፎታል። ንጉሤ መርዝ ነው ብሎ ፊቱን አዞረ። ዘለቀ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከዚያው ጣባ ግማሹን በላ፣ ከዚያ ማንኪያውን አቀበለው። አርባ ቀን መጣ፣ አንድም ቀን አላስታጎለም። አይነጋገሩም፤ ሁለቱም ደህና አፍ አልነበራቸውም። ፖሊስ መጥቶ ማን መታህ ቢለው ንጉሤ ራሱን ነቅንቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሽቦው ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን በኮሪደሩ ሳልፍ ከክፍሉ ውስጥ ሾርባ በድምፅ ሲሳብ ሰማሁ። ሁለት ሰው ነው የሚስበው። ባልዲዬን አስቀምጬ ቆምኩ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ኦቦ ቃሲም፣ አጥንት ተሰብሯል፣ ደም መሬት ነክቷል፣ ጉማው ይሄ ነው፣ የደም ካሳው ተከፍሏል አሉ። ንጉሤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ለመነ፣ ዘለቀ አወረደለት። እማማ አስካለ ግን አልተገኙም። በየዓመቱ በጠርሙስ ጥቁሩን ይልክላቸዋል፤ በየዓመቱ ሳይከፈት ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ዘለቀ ሰው ሲመታ አላየሁም። ደግሞም ሲስቅ አላየሁም። ይሄን ማድበስበስ አልፈልግም፣ በእኔ አንድ ቃል ነው እናቱን ያጣው።

የቀብሩ ዕለት እሑድ ነበር። እማማ አስካለ መጡና ከሬሳው እግር ሥር ተቀመጡ፣ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። ያን የግርማን ሸሚዝ ከመቀነታቸው አውጥተው ከመቃብሩ አስገቡት። ሰው ከቀብር ሲበተን ንጉሤ ግቢያችን ድረስ ተከተለኝ። ፂሙ ሸብቷል፣ መንጋጋው በግራ በኩል እንደገባ ቀርቷል። ፊቱን ላየው ሰው ዘለቀን ይመስላል።

«ሲስተር፣ አርባ ቀን ከእጁ በልቼ ያልጠየቅኩት ነገር አለ» አለኝ። «ጋኑ በስሎ፣ መሐላው ደርሶ፣ ሳንጃው አንገቴ ላይ ሆኖ ለምን ተወኝ? አንቺ እዚያ ነበርሽ። ምን አየሽ?»

አሁን ማንን እፈራለሁ? ነገርኩት። ጋኑ በመጀመሪያው ዓመት በስሎ ነበር፣ ሦስት ዓመት አልበሰለም እያለ የዋሸው ለአንተ ሲል ነው፣ የዚያን ዕለት ያስመጣው የእኔ ምላስ ነው አልኩት።

ንጉሤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ መጀመሪያ የሚጸልይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዓመት እየቆጠረ ነው።

«ሁለቱ ትናንሾቹ ልጆቼ የተወለዱት በእነዚያ ዓመታት ነው» አለ። «እኔ ጠመንጃ ታቅፌ ስተኛ፣ እሱ...» አልጨረሰውም። ብዙ አለቀሰ፣ እኔም ዝም አላሰኘሁትም።

ዘለቀ ለሥራ አቦምሳ ከወረደ ሦስት ሳምንት ሆኖ ነበር፤ ጋኑን ያማሰለው ሰው አልነበረም። የጓዳውን ቁልፍ ለንጉሤ ሰጠሁት። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ሸራውን ፈታ፣ ማማሰያውን ከግድግዳው ላይ አወረደ። ስንት ጊዜ ላማስለው ብሎ ከውስጥ ጠየቀኝ። ዘለቀ አይቆጥርም ነበር፣ ክንድህ እስኪዝል አልኩትና ምድጃውን ላነድድ ወጣሁ።